ቲማቲም ከተረጨ በኋላ መቼ ይለቀማል?

ጥያቄ፦ ቲማቲም ላይ የነፍሳትና የፈንገስ መድኃኒት ቀላቅሎ መርጨት ይቻላል? ከርጭት በኋላስ ስንት ቀን ይጠበቃል?

መልስ፦ በመቂና በባቱ አካባቢ ሁለት ሦስት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ በጥብጦ መርጨት የተለመደ ነው፤ ጉልበት ይቆጥባልና። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ካልፈቀደ ግን አይመከርም። አንዳንዶቹ ሲገናኙ ይዘቅጣሉ፣ የመርጫውን ጫፍ ይደፍናሉ፣ ቅጠልም ያቃጥላሉ። እንደ ማንኮዜብ ያለው ፀረ ፈንገስ ደግሞ ቅጠሉን ሸፍኖ በሽታን አስቀድሞ ይከላከላል እንጂ የገባውን አያድንም፤ በሽታው ከተስፋፋ በኋላ መጠኑን ማጠፍ ገንዘብ መበተን ነው።

የመጠበቂያው ቀን እንደየመድኃኒቱና እንደየሰብሉ ይለያያል፤ የሚገኘውም እዚያው ጽሑፍ ላይ ነው። ቲማቲም በየጥቂት ቀኑ ስለሚለቀም፣ ገበያም ስለማይጠብቅ፣ ይህ የመጠበቂያ ሕግ ብዙ ጊዜ ይጣሳል። የሚበጀው የደረሰውን ለቅሞ ከዚያ መርጨት፣ በለቀማ ወቅትም የመጠበቂያ ጊዜው አጭር የሆነውን መምረጥ ነው።

በርጭት ጊዜ አፍና አፍንጫን በሻሽ መሸፈን ብቻውን አይበቃም፤ ከሚያፈስ የጀርባ መርጫ የሚወርደው ፈሳሽ በቆዳም ይገባል። ጓንት፣ ቦቲ ጫማና እጀ ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል። ባዶው ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል፣ እጣቢው መርጫው ውስጥ ይገለበጣል፣ ጠርሙሱም ይበሳል፤ ለውሃም ሆነ ለዘይት መያዣ አይሆንም።