ጂፒኤስ ሳተላይት ሲጠፋበት፦ በቆቦና በራያ ቆላ ነጥብ ለሚያነሱ

ከቆቦ ወደ ሮቢት የሚዘልቀው ሜዳ ለጂፒኤስ የተመቸ ነው። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ የወሎ ደጋ ቢቆምም መሀሉ ሰፊ ስለሆነ ሰማዩ ክፍት ነው። ስለዚህ እዚህ ሜዳ ላይ የእጅ ጂፒኤስዎ ሳተላይት አልይዝ ካለ፣ መጀመሪያ መሣሪያውን ራሱን ይጠርጥሩ።

ነገሩ ቀላል የሚመስለው ነጥቡ ምን ላይ እንደሚውል ላላሰበ ሰው ነው። 50 በ50 ሜትር የሆነች ሩብ ሄክታር ማሳ አራቱም ጎኗ በ3 ሜትር ወደ ውጭ ቢገፋ ስፋቷ በ636 ካሬ ሜትር ይጨምራል። ይህ ከማሳዋ ሩብ ይበልጣል፤ ባዋሳኙ በኩል ደግሞ የክስ መነሻ ነው። የእጅ ጂፒኤስ በደህና ሰማይ ሥር እንኳ ከ3 እስከ 5 ሜትር ይስታል። ሳተላይት እየጠፋበት የተነሳ ነጥብ የቱን ያህል እንደሚስት መገመት አያዳግትም።

መጀመሪያ የሳተላይት ገጹን ይክፈቱ። «ሳተላይት አልያዘም» እየተባለ የሚነገረው ብልሽት ሦስት የተለያየ ነገር ነው፤ መፍትሔውም ይለያያል። አንዱ የሳተላይቱን ምልክት ጥንካሬ የሚያሳይ ዘንግ ጨርሶ የማይታይበት ነው። ሁለተኛው ጥቂት ዘንጎች ብቅ ጥልቅ የሚሉበትና የስህተቱ መጠን 15 ወይም 20 ሜትር ላይ የሚቆምበት ነው። ሦስተኛው ሁሉም ነገር ደህና መስሎ ቦታው ግን የተሳሳተበት ነው። ከፍታን ጨምሮ ቦታን ለማወቅ ቢያንስ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል። እኔ ግን ከሰባት በታች ሲሆን ወሰን ባይመዘገብ እመርጣለሁ።

ምንም ዘንግ ከሌለ ወደ ማስተካከያው ገብተው የሳተላይት ምርጫውን ይዩ። አንድ ሰው መሣሪያውን ቢሮ ውስጥ ሲማርበት ወደ መለማመጃ ስልት ቀይሮት ሊሆን ይችላል። በዚህ ስልት ላይ ያለ የጋርሚን መሣሪያ አንቴናው ጠፍቶ እያለ የውሸት ጉዞ ስለሚያሳይ ብዙ ባለሙያ ያሞኛል። ወደ ጂፒኤስ ይመልሱት፤ ግሎናስ የሚባለውን የሩሲያ ሳተላይት የሚቀበል ከሆነም አብረው ይክፈቱት። ዋስና ኢግኖስ የሚባሉት የሳተላይት እርማት አገልግሎቶች የተሠሩት ለአሜሪካና ለአውሮፓ ስለሆነ እዚህ ባትሪ ከመብላት ያለፈ ጥቅም የላቸውም፤ ያጥፏቸው።

ቀጥሎ ባትሪ ድንጋዩ ነው። ክዳኑን ከፍተው የብረት መንካኪያዎቹን ይመልከቱ። የቆላው አቧራና ላብ አረንጓዴ ዝገት ያበቅልባቸዋል፤ በእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርገው ይፈግፍጉት። የሚሞላ ባትሪ ከሆነ የባትሪ ዓይነቱን በማስተካከያው ላይ ይቀይሩ፤ አለዚያ ገና ኃይል እያለው አለቀ ይልዎታል። መሣሪያውን መኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ አይተዉት።

ከዚያ ጊዜ ይስጡት። ለወራት መሳቢያ ውስጥ የቆየ ጂፒኤስ የሳተላይቶቹን አቀማመጥ መዝገብ እንደ አዲስ ማውረድ አለበት፤ ሙሉው መዝገብ 12 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ይፈጃል። ሜዳ መሀል ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሩብ ሰዓት ያህል አይንኩት። ይዘውት ከተራመዱ ወይም በየሁለት ደቂቃው እያጠፉ ካበሩት ማውረዱ እየተቋረጠ ይጓተታል። ስልክም እንዲሁ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ጊዜ የስልክ ጂፒኤስ ይሠራል፤ መዝገቡን በኢንተርኔት ማግኘት ስለማይችል ግን ለመያዝ ይዘገያል።

ዘንጎቹ ብቅ ጥልቅ የሚሉ ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አናትዎ ላይ ነው። ሳተላይቶቹ ያሉት 20,200 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ የሚደርሰን ምልክት እጅግ ደካማ ነው፤ ውኃ ያዘለ ቅጠል ይበቃዋል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ደጋሌት ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ጠዋት ጤዛ ሲይዝ፣ ማሳው መሀል ገብቶ ነጥብ ማንሳት ትርፉ ድካም ነው። ዋርካ ሥር፣ ቆርቆሮ ቤት አጠገብና የጎሊና ወንዝ ገደል ሥርም እንዲሁ ነው። አያያዝም ለውጥ አለው። እንደ ጋርሚን ኢትሬክስ 10 ያሉት ፊታቸው ወደ ሰማይ ተደርጎ ዘርጋ ብለው መያዝ አለባቸው፤ አናታቸው ላይ ወፍራም አንቴና ያላቸው ደግሞ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ደረትዎ ላይ አያስጠጉት።

ወሰኑ የግድ ዛፍ ሥር ከሆነስ? ከዛፉ ወጥተው ከወሰኑ ጋር በአንድ መስመር የሚውሉ ሁለት ነጥቦችን ክፍት ቦታ ላይ ያንሱ፤ የቀረውን በሜትር ይለኩ። ባለቤቱና አዋሳኙ የሜትሩን ጫፍና ጫፍ ቢይዙ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ በዓይናቸው ያዩትን ልኬት አይክዱም። መሣሪያው አማካይ የመውሰድ አገልግሎት ካለው አንዱን ነጥብ ለጥቂት ደቂቃ ያስለኩት።

ሰዓቱን አይርሱ። ኢትዮጵያ በምድር የማግኔት ወገብ አቅራቢያ ናት። ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ላይኛው አየር ስለሚናወጥ ምልክቱ ይቆራረጣል። ይህ በመስከረምና በመጋቢት ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 ናሳ ፀሐይ ወደ ከፍተኛ እንቅስቃሴዋ መድረሷን አስታውቆ ነበር፤ እንዲህ ባሉ ዓመታት ደግሞ የበለጠ ይከፋል። የውኃ ጉድጓድ ነጥብ ለማንሳት ቁፋሮ ማሽን አጠገብ የሚያድር ሰው ነጥቡን ለጠዋት ቢያሳድረው ምንም አይጎዳም።

መሣሪያው አሮጌ ከሆነ ቀኑን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 መጀመሪያ ላይ የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ ወደ ዜሮ ስለተመለሰ አንዳንዶቹ ወደ 20 ዓመት ግድም ወደኋላ ቆጥረዋል። በኮምፒውተር ሶፍትዌሩን ማደስ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ብልሽት ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ስለሚታይ ማንም አይጠረጥረውም። የቀድሞው የካርታ ሥራ ድርጅት ያሳተማቸው 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤሱ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እኛ አገር ከ200 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ስህተት የተመዘገበ ጉድጓድ በካርታ ላይ የሌላ ሰው ማሽላ ውስጥ ይገኛል። የቆቦ ዞን ዩቲኤም 37 ሰሜን ነው። ከተማው ውስጥ ሲቆሙ ምሥራቅ ከ565 እስከ 570 ሺህ፣ ሰሜን ከ1,340 እስከ 1,346 ሺህ ሜትር ካልተነበበ አንድ ነገር ተዛብቷል ማለት ነው፤ ከቢሮ ሲወጡ ይህን ያረጋግጡ። አዲንዳንና ደብሊው ጂ ኤስ መደባለቃቸውን ግን ይህ አይለይም። ለዚያ ቀድሞ በትክክል የተለካ አንድ ነጥብ ላይ ቆመው ያመሳክሩ።

ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን የሳተላይቱን ብዛት፣ የስህተቱን መጠንና የካርታውን መነሻ ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። እነዚህ ሦስቱ ያልተጻፉለትን ነጥብ ወደ መዝገብ አታስገቡ።