ገንዳው በር ላይ ማን ይጠብቅሻል?

ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ማን ይጠብቅሻል?

ማንም የለም? እንግዲያው ችግሩ እዚያ ነው። ስንፍና አይደለም። ዕድሜሽም አይደለም። ብትቀሪ «የት ቀረሽ?» የሚልሽ ሰው የለም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህን የምልሽ አንብቤ አይደለም። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ከሰፈራችን ብዙም ሳይርቅ በተዘጋጀች አንዲት ትንሽ ትራያትሎን ከጓደኛዬ ጋር ተወዳድሬ፣ ጨርሼ፣ ሜዳሊያዬን አንገቴ ላይ አድርጌ ቤቴ ስለገባሁ ነው። በ41 ዓመቴ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ገንዳ ውስጥ የምገባው እግሬ መሬት እስከሚነካበት ድረስ ብቻ ነበር።

ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ ነው። ሳያርፉ፣ በተከታታይ። ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ነው፤ ርቀቱም 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ። አትደንግጪ! «ስፕሪንት» የሚባለው የዚያ ግማሽ ነው። የእኛዋ ደግሞ ዋናው በገንዳ ስለነበር ከዚያም ታንስ ነበር፤ 400 ያርድ። ባለ 25 ያርድ ገንዳ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ጊዜ ማለት ነው።

16 ጊዜ! እኔ አንዱንም አልችልም ነበር።

መሮጥ ግን እችላለሁ። ጃን ሜዳ ስሮጥ ያደግኩ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ጓደኛዬ ደግሞ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ከወንድሞቿ ጋር ጣና ውስጥ እየተንቦጫረቀች ያደገች። ውኃ ሲነሳ ፊቷ ይበራል፣ ሩጫ ሲነሳ ይጠቁራል።

ምን አደረግን? ተበዳደርን። እኔ እግሬን አበደርኳት፣ እሷ ትንፋሿን አበደረችኝ።

የዚህ ስፖርት ዝነኛው ውድድር ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ነው። ሃዋይ ውስጥ ሯጮችና ዋናተኞች «ማን ይበልጣል?» እያሉ ሲከራከሩ፣ ጆን ኮሊንስ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ዋናውን፣ ብስክሌቱንና ሩጫውን በአንድ ቀን የማገናኘት ሐሳብ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1978 15 ሰዎች ተነሡ፣ 12ቱ ጨረሱ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው አይረንማን ያ ነው። 15 ሰው ብቻ! አንድ የዕቁብ ማኅበር የሚያህል።

ስለዚህ የምትመስልሽን አትፈልጊ። አንቺ የምትፈሪውን የማትፈራዋን ፈልጊ።

ጓደኛዬ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ምን ይመስልሻል? የእጅ አወራወር? የእግር አመታት? አይደለም። አረፋ ነው! የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጄ ይዤ፣ ፊቴን ውኃ ውስጥ ነክሬ፣ በአፍንጫዬ ቡልቅ ቡልቅ ማድረግ። «ትንፋሽሽን አትያዢ፣ አውጪው» ትለኛለች። ቀና እላለሁ። «እንደገና።» ጀማሪ ሰው ውኃ ውስጥ ትንፋሹን ያፍናል። ቀና ሲል ማውጣትም ማስገባትም ይፈልጋል፤ ለሁለቱም የሚበቃ ጊዜ ግን የለም። ይጨንቀዋል፣ ይቆማል፣ ከዚያ «አቅም የለኝም» ይላል። እኔም እንደዚያው ስል ኖሬያለሁ። ለካስ ያጠረኝ አቅም አልነበረም፤ ያላወጣሁት አየር ነበር ያስጨነቀኝ።

ሁለት ሳምንት አረፋ ብቻ። በሦስተኛው ሳምንት ግማሽ ርዝመት። በወሩ መጨረሻ ሙሉውን! ግድግዳውን ስነካ ጮኼ ላይፍጋርዱን አስደነገጥኩት።

«ጸጉሬስ?» ትያለሽ። አውቃለሁ፣ እኔም ብያለሁ። ሹሩባ ተሠሪ። ከመግባትሽ በፊት በንጹሕ ውኃ አርሺው፤ የጠገበ ጸጉር የገንዳውን ክሎሪን ብዙ አይመጥም። ኮንዲሽነር ቀቢው፣ ኮፍያሽን አጥልቂ። አለቀ። ይህን ሰበብ ዛሬ ሰርዢው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ።

ጓደኛዬ ነርስ ናት፤ የማታ ሺፍት ትሠራለች። ቤቷ የምትገባው እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው። አንድ የየካቲት ንጋት ደወሌ ጮኸ፣ አጠፋሁት። ውጭው በረዶ ነው፤ ብርድ ልብሱ ይሞቃል። «ዛሬ ብቀርስ?» ብዬ ተገላበጥኩ። ስልኬ በራ። ሦስት ቃል ብቻ፦

«በሩ ላይ ነኝ።»

አምስት ሰዓት ያልሞላ እንቅልፍ የተኛች ሴት፣ በዚያ ብርድ፣ ፎጣዋን ይዛ ቆማለች። ምን ትያለሽ? «እንቅልፌ አላለቀም» ትያታለሽ? ተስፈንጥሬ ተነሣሁ።

እስኪ ራስሽን ጠይቂ። ለራስሽ የገባሽውን ቃል ስንት ጊዜ አጥፈሻል? ለሰው የገባሽውንስ?

ልዩነቱን አየሽው? እኛ በይሉኝታ ያደግን ሰዎች ነን። ይሉኝታን ሁልጊዜ እንደ በሽታ እናወራዋለን፤ እውነት ነው፣ ብዙ ነገር አስቀርቶብናል። ግን ጉልበት ነው! ለቅሶ የምትደርሺው፣ ደክሞሽም ሠርግ የማትቀሪው በምን ይመስልሻል? ያንኑ ጉልበት ለጤናሽ አውይው። አንዲት ሰው በር ላይ አቁሚና እምቢ ማለት ይክበድሽ።

ዓለምን ያሸነፉት ሯጮቻችንስ? ንጋት ላይ እንጦጦ ጫካ ገብተሽ ተመልከቻቸው። ተከታትለው በረድፍ፣ አንዱ የአንዱን እግር እያየ ነው የሚሮጡት። እነሱ ብቻቸውን ካልሠሩ፣ አንቺ ለምን ብቻሽን ትሞክሪያለሽ?

ሩጫው ላይ ተራው የኔ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸርሊንግተን ተነሥቶ እስከ ፐርስልቪል በሚዘልቀው፣ በድሮ የባቡር መስመር ላይ በተሠራው የ72 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ እንወጣለን። ጥቂቱን ነው የምንነዳው። ከብስክሌት እንወርድና ወዲያው 10 ደቂቃ እንሮጣለን። ሞክሪው፤ እግርሽ የሌላ ሰው ይመስልሻል። ስፖርተኞቹ ይህን ልምምድ «ብሪክ» ይሉታል፣ ጡብ እንደማለት። ጓደኛዬ በመጀመሪያው ቅዳሜ በሁለተኛው ደቂቃ ቆመች። «እስከዚያች ዛፍ» አልኳት። ደረሰች። «እስከ ወንበሯ።» ደረሰች። በአምስተኛው ቅዳሜ ዛፍ መቁጠሩን ትተነው ስለ ልጆቻችን እያወራን ሮጥን።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ከገንዳው ቀድማኝ ወጣች፣ በሰፊው። ብስክሌቶቹ ወደተደረደሩበት ስደርስ የሷ ቦታ ባዶ ነው። እዚያ ሰዓቱ አይቆምም፤ ጫማ ስታስሪም ይቆጥራል። ብስክሌትሽንም ሄልሜትሽን ሳታስሪ ከመስቀያው ማንሣት አትችይም። እጄ እየተንቀጠቀጠ አሰርኩ፣ ተከተልኳት።

ሩጫው ላይ፣ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ጀርባዋን አየሁት። ደረስኩባትና ቀስ አልኩ፤ አብሬያት ልጨርስ አስቤ ነበር።

«ሂጂ!» አለችኝ።

«አብረን...»

«ሂጂ አልኩሽ! እግርሽን የለመንኩሽ ልምምድ ላይ ነው። ዛሬ የራሴን እሮጣለሁ!»

ሄድኩ። መስመሩን አለፍኩ፣ ውኃዬን ተቀበልኩ፣ ተመልሼ በመንገዱ ዳር ቆምኩ። ብቅ ስትል «በርቺ! እስከ ዛፏ!» እያልኩ ጎሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኽኩላት። እየሳቀችም እያለቀሰችም ገባች።

ሁለት እንግሊዛውያን የትራያትሎን ተወዳዳሪ ወንድማማቾች ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሜክሲኮ ኮዙሜል ላይ ጆኒ ብራውንሊ እየመራ ሳለ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ሙቀቱ አዞረውና ተንገዳገደ። ታላቁ አሊስተር የማሸነፍ ዕድሉን ትቶ በክንዱ ደግፎ አስሮጠው፤ መስመሩ ላይ ሲደርሱም ወንድሙን ከፊቱ ገፍቶ አሳለፈው። ጆኒ ሁለተኛ፣ አሊስተር ሦስተኛ። እሱ ደገፈ፣ የኔዋ ልቀቂኝ አለች። ሁለቱም ፍቅር ነው፤ የትኛው መቼ እንደሚያስፈልግ የምታውቂው ግን ወራት አብረሽ ከለፋሽ ሰው ጋር ብቻ ነው።

ትራያትሎኑ ይቅርብኝ ካልሽም ይቅር። መንጃ ፈቃድ ይሁን፣ የማታ ትምህርት ይሁን፣ ጠዋት 30 ደቂቃ መራመድ ይሁን። ግን ግቡን ከመምረጥሽ በፊት ሰውየዋን ምረጪ። ቀኑን ቁረጪ። ሰዓቱን ቁረጪ። ቦታውን ቁረጪ። «አንድ ቀን እንጀምራለን» የሚባል ቀጠሮ የለም!

ይህን ስታነቢ ስሟ የመጣልሽ አንዲት ሴት አለች አይደል? ስልክሽን አንሺ። ሰላምታውን አታብዢ። «ነገ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ እጠብቅሻለሁ» ብለሽ ጻፊላት።

ከዚያ ቀድመሻት ድረሺ።