ልጃገረዶች በልብ ወለድ መጽሐፎቻችን፤ ከኩልመስክ አንባብያን ጋር የተደረገ ውይይትና ጥናት

ባለፈው የዕረፍት ወራት ከማኅበራችን አባላት መካከል የላስታ ልጆች የሆንን ጥቂቶች ወደ ኩልመስክ ስንሄድ አንድ ጥያቄ ይዘን ነበር። ጥያቄውም «ካነበባችኋቸው ወይም ሲነበቡ ከሰማችኋቸው ልብ ወለድ ታሪኮች ውስጥ ከልባችሁ ያልወጣች ልጃገረድ ማን ናት? ስለ ምንስ አልወጣችም?» የሚል ነው። ያገኘነውን መልስ ከራሳችን ሐሳብ ጋር አስተያይተን እነሆ ለአንባብያን እናቀርባለን።

እንደ ጠበቅነው ከሁሉ በላይ የተጠራው ስም የሰብለ ወንጌል ነው። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ሆኖም ካነጋገርናቸው አረጋውያን አንዳንዶቹ ሰብለን የሚያውቋት በወረቀት ላይ ሳይሆን፣ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲያነበው ሰምተው ነው። አንድ አዛውንት «እኛ ፊደል ባንቆጥርም ሰብለን እንደ ጎረቤት ልጅ እናውቃታለን» አሉን።

አስተያየቱ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። አንድ መምህር «መጽሐፉ ልጅን ያለ ዕድሜዋ መዳር ክፉ መሆኑን ያስተምራል» ሲሉ ነገሩን። ይህን አስተያየት ከሌሎችም ሰምተነዋል። እኛ ግን በአክብሮት አንስማማም። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን በሕፃንነቷ አልዳሩም፤ ይልቁንም ለዘራቸው የሚመጥን አማች ስላጡ የመጣውን ሁሉ እየመለሱ ዕድሜዋ እስኪያልፍ ድረስ አስቀመጧት። እንግዲህ በልጅነት የተዳረችውና ሳትዳር የቀረችው ሁለቱ አንድ በሽታ አለባቸው፤ ይኸውም ዕድሜያቸውን የሚቆጥርላቸው ሌላ ሰው መሆኑ ነው። አንዷን «ደረሰች» የሚላት፣ ሌላዪቱንም «ቆይ» የሚላት እሷ ራሷ አይደለችም።

ይህን ነጥብ ይበልጥ ያጠነከረልን አንድ ዲያቆን ነው። ዲያቆኑ በቆሎ ተማሪነት ብዙ አገር የዞረ ሰው በመሆኑ ከሰብለ ይልቅ ለመምህሯ ለበዛብህ የሚያዝን መስሎን ነበር። እሱ ግን «ሁለቱም አንድ ናቸው» አለ። «በዛብህን ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ ስለቱን የተናገረው ግን እሱ አይደለም። ሰብለንም አባቷ ለክብራቸው አስቀመጧት፤ ክብሩን የፈለገችው ግን እሷ አይደለችም። ሌላ ሰው በተናገረላቸው ቃል የታሰሩ ሁለት ልጆች ተገናኙ።» እኛ በክፍል ውስጥ ስለዚህ መጽሐፍ ብዙ ትምህርት ሰምተናል፤ ይህን ያህል በአጭሩ የተናገረ ግን አላጋጠመንም።

ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ መረመርን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው «ጦቢያ» በተባለችው ልጅ ስም ነው። መንትያ ወንድሟ ዋሕድ የአባታቸውን ባለ ውለታ ነጋዴ ሊፈልግ ወጥቶ በጠፋ ጊዜ ጦቢያ ከአባቷ ጋር ትከተለዋለች፤ የምትሄደውም የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ መነኩሴ መስላ ነው። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል 58 ዓመት አለ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጅቱ በገዛ ቀሚሷ መንገድ መውጣት አልቻለችም ማለት ነው።

ደራስያኑ አንዱ ከአንዱ ቀዱ ለማለት አይደለም። መንገዱ ራሱ እንዲህ ስለ ነበረ ነው። ለብቻዋ የምትሄድ ልጅ ትጠለፋለች፣ ትዘረፋለች፣ ስሟም ይጠፋል። ስለዚህ ደራሲው ጀግናይቱን ከቤት ለማውጣት ሲፈልግ አስቀድሞ ልብሷን መለወጥ ግድ ሆነበት። መጨረሻቸው ግን ይለያያል። ጦቢያ ወንድሟን አግኝታ ንጉሥ አገባች፤ ሰብለ ግን በዛብህን በሞት አፋፍ ላይ አግኝታ፣ አስመስላ የለበሰችውን ምንኩስና በእውነት ኖረችው።

በአሉ ግርማ በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ ያለችው ሉሊት የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ከቤት ለመውጣት የወንድ ልብስ አያስፈልጋትም። በኩልመስክ ስለ እሷ የተናገሩልን ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም «የከተማ ታሪክ ነው» ብለው አለፏት። በውጭ አገር የምትኖረው ኢትዮጵያዊት መዓዛ መንግሥቴ ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተመችው፣ በአማርኛ «የጥላው ንጉሥ» ልንለው በምንችለው ልብ ወለድ ውስጥ ሂሩት የምትባል ወላጅ አልባ ገረድ አለች። ይህችም በጣልያን ወረራ ዘመን ከገረድነት ወጥታ ትዘምታለች፤ የወታደር ልብስም ትለብሳለች። መጽሐፉ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ነበር። ልብ እንበል፤ የልብሱ ነገር እስከዚህም ድረስ ተከትሎናል። ነገር ግን ሂሩት የምትለብሰው ሴትነቷን ለመደበቅ ሳይሆን ለመዋጋት ነው።

ይህን ሁሉ አሰናድተን ጨረስን ባልንበት ቀን አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አነጋገረችን። ከገጠር መጥታ፣ በከተማው ቤት ተከራይታ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤተ ሰቧ እየሄደች የሳምንት ስንቋን ተሸክማ የምትመለስ ልጅ ናት። የነገርናትን ሁሉ ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ «እሺ፤ በገዛ ልብሷ ወጥታ፣ የሄደችበትን ፈጽማ፣ በደኅና ወደ ቤቷ የምትመለስ ልጅ ያለችበት መጽሐፍ የትኛው ነው?» ስትል ጠየቀችን። እርስ በርሳችን ተያየን፤ አንዱንም በቶሎ ልንጠራላት አልቻልንም። እሷም ሳቅ ብላ «እኔ ግን በየሳምንቱ እመለሳለሁ» አለችን።

ሕጉ በበኩሉ ተጉዟል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት የጋብቻ ዕድሜ ወስኖ ነበር፤ ይኸውም ሰብለ በታተመችበት ዘመን የሚሠራበት ሕግ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርጎታል። ሕግ ግን በሩን ይከፍታል እንጂ በመንገዱ ላይ አብሮ አይሄድም። ያቺ ተማሪ የጠየቀችን ስለ መንገዱ ነው።

እንግዲህ የጥናታችን መደምደሚያ ይህ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ልጃገረዶች ከልብ የማይወጡት ስላለቀሱ ወይም ስላማሩ አይደለም፤ ሌላው በቆረጠላቸው ቀን አንኖርም ብለው ከበር ስለ ወጡ ነው። ስለዚህ ወደ ፊት ልብ ወለድ ስናነብ ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ ለአንባብያን እናሳስባለን። ልጅቱን ከቤት ያስወጣት ማን ነው? ምን ለብሳ ወጣች? ስትደርስስ ምን ሠራች? በሚቀጥለው የውይይት ጉባኤ እያንዳንዱ አባል አንድ መጽሐፍ መርጦ በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መርምሮ ይምጣ።

ከአባላቱ መካከል ብዕር የሚቀናችሁ፣ በተለይም እኅቶቻችን፣ ደግሞ አንድ ዕዳ አለባችሁ። የኩልመስኳ ተማሪ የጠየቀችንን መጽሐፍ ጻፉላት። ታሪኩ ከሩቅ አይፈለግም፤ በየቅዳሜው ስንቅ ተሸክሞ በዳገቱ ላይ ይሄዳል።