ከእበት የሚወጣውን ሚቴን ለምድጃ ማዋል



ቆሻሻም ሆነ እበት አየር በማያገኝበት ቦታ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። አዲስ አበባ ረጲ (ቆሼ) ለአሥርተ ዓመታት በተከመረው ቆሻሻ ውስጥ የሚፈጠረውና እዚህ ደብረ ወርቅ በበረታችን ጥግ በረጠበው የእበት ክምር ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ አንድ ዓይነት ነው። ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ፣ በክብደት እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ሲቃጠል ግን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ስለሚለወጥ ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል፤ ወጥም ያበስላል።

በትልልቅ የቆሻሻ መጣያዎች ጋዙ በቧንቧ ተስቦ ይወጣል። ለእኛ የሚስማማው በ2001 ዓ.ም ገደማ በተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ወደ ክልላችን የገባው የቤተሰብ ባዮጋዝ ነው።

ከመገንባታችሁ በፊት አስቡ

1. 6 ሜትር ኩብ ለሚይዝ ማብላያ ቢያንስ 4 በረት የሚያድሩ ከብቶች ያስፈልጋሉ።
2. በየቀኑ ከ30 እስከ 45 ኪሎ ትኩስ እበት በእኩል መጠን ውሃ ተበጥብጦ ይገባል። ይህ 2 ጄሪካን ያህል ውሃ ነው። ውሃው ሩቅ ከሆነ ማን እንደሚቀዳ ከባለቤታችሁና ከልጆቻችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተመካከሩ። የከብት ሽንት የውሃውን ከፊል ይተካል።
3. የተለመደው የባዮጋዝ ምድጃ ለወጥና ለቡና እንጂ ለእንጀራ ምጣድ አይበቃም። ለምጣዱ የተሻሻለ ምድጃ አዘጋጁ።

ከተገነባ በኋላ

1. ማብላያው ጾም አይደር። መመገብ ሲቀር ጋዙም ይቀራል።
2. ጋዙን ሳታቃጥሉ አትልቀቁ። የሚያፈስ ቧንቧ ቤተሰቡንም አየሩንም ይጎዳል። መጋጠሚያዎችን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል ማለት ነው። በክብሪት ፈጽሞ አትፈትሹ።
3. የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ከሸተታችሁ እሳት አታንሱ፤ መዝጊያውን ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ።
4. ወደ ማብላያው ጉድጓድ ማንም አይግባ። ጋዙ አፍኖ ይገድላል።

ተረፈ ምርቱ

እበት ኩበት ሆኖ ሲነድ የማሳው ምግብ አብሮ ይነዳል። ከማብላያው የሚወጣው ስለሪ ግን ናይትሮጂኑን እንደያዘ ነው። ጥላ ባለው ጉድጓድ ከገለባ ጋር አብላልታችሁ ለጤፍና ለስንዴ ማሳ አውሉት።

የመወያያ ጥያቄ፦ በጎጣችን ሥራ ያቆመ ማብላያ ካለ ያቆመው በእበት፣ በውሃ ወይስ በጥገና እጦት ነው? ምክንያቱን ለይታችሁ ለቀበሌያችሁ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ አስታውቁ።