በዋና ዳይሬክተሩ ስም ለምትፈርሚው

ልጄ፣ በፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መቀጠርሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሰንብቶ የውክልና ደብዳቤ ይደርስሽና በዋና ዳይሬክተሩ ስም መፈረም ትጀምሪያለሽ። ከዚያ በፊት ስለ ውክልና ጥቂት ልምከርሽ። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው የእንግሊዝ ናቸው፤ በዚህ ነገር ብዙ የለፉበትም ብዙ የከፈሉበትም እነሱ ናቸውና። ዓመቶቹን በእነሱ አቆጣጠር እነግርሻለሁ።

1. ሥልጣኑን ከምንጩ ተከተዪው። አዋጁ ለመሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፤ ከዚያ በቦርዱና በዋና ዳይሬክተሩ በኩል ወርዶ አንቺ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። መሐል ላይ ከተቋረጠ ውሳኔሽ ይግባኝ አይቋቋምም። በ1943 ካርልቶና የተባለ ኩባንያ ፋብሪካው በጦርነቱ ሳቢያ ሲወሰድበት፣ ትእዛዙን ያወጣው ሚኒስትሩ ሳይሆን የበታች ሹም ነው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ የሹሙ ሥራ የሚኒስትሩ ሥራ ነው፣ ለፓርላማ መልስ የሚሰጠውም ሚኒስትሩ ነው ብሎ ክሱን ጣለው። ይህ የሚኒስቴር ጉዳይ ነበር። በአዋጅ የተቋቋመ ተቆጣጣሪ ግን በዚህ ባይመካ ይሻለዋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ደብዳቤሽ እጅሽ ሳይገባ አትፈርሚ።

2. ከቦርዱ እጅ የማይወጣውን ለይተሽ እወቂ። የእንግሊዙ የፋይናንስ ሥነ ምግባር ባለሥልጣን ሥራውን ለኮሚቴ፣ ለኃላፊ ወይም ለሠራተኛ ማስተላለፍ ይችላል፤ ደንብ የማውጣት ሥልጣኑን ግን ሕጉ ለቦርዱ ብቻ ጠብቆለታል።

3. መርማሪው ፈራጅ አይሁን። ከሁሉ ይልቅ የማሳስብሽ ይህን ነው። በ2000 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ፣ ቅጣትን የመሰለ ውሳኔ ማስረጃውን በማሰባሰብ በቀጥታ ያልተሳተፈ ሰው ያለበት እንዲሆን ያዛል። ለዚህም የውሳኔ ኮሚቴ አቋቋሙ። በ2005 ግን አንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ይግባኝ ብሎ የአሠራሩ ጉድለት ታየ፤ ተቆጣጣሪው ራሱን መርምሮ ለኮሚቴው የራሱ የሕግ ባለሙያዎች እንዲኖሩት፣ መርማሪዎቹ ለኮሚቴው የሚሉትንም ተከሳሹ እንዲያውቀው አደረገ። በ2021 ደግሞ ሥራ ይፍጠን ተብሎ ከኮሚቴው ውሳኔዎች የተወሰኑት ወደ ኃላፊዎች ተመለሱ። መፍጠኑን አልጠላም፤ አጭበርባሪ በቀጠሮ ብዛት ሲጠቀም ሕዝብ ይጎዳል። ነገር ግን ፈቃዱ የሚሰረዝበት ሰው እንጀራው ነው የሚሰረዘው። ወራት የለፋሽበትን መዝገብ አንቺው እንድትወስኚበት ከሰጡሽ፣ ለሌላ ሰው ይሁን ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። አለቃሽ ቅር ቢለውም ጠይቂ።

4. ለውጭ አካል የተሰጠ ሥልጣን ከዓይንሽ አይጥፋ። በ1980ዎቹ እንግሊዞች የኢንቨስትመንት ገበያውን ቁጥጥር የየሙያው ሰዎች ላቋቋሟቸው ማኅበራት አከፋፈሉት። ኢምሮ የተባለው የገንዘብ አስተዳዳሪዎች ማኅበር የባለሀብቱን የሮበርት ማክስዌልን ኩባንያዎች የጡረታ ፈንድ አስተዳዳሪዎች በአባልነት ይዞ ነበር። ማክስዌል በ1991 ሲሞት ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የጡረተኞች ገንዘብ መጉደሉ ተገለጠ። ለቁጥጥሩ ማኅበር ነበረለት፣ ሕግም ነበረለት። በኋላ ማኅበራቱ ተጠቃለው አንድ ተቆጣጣሪ ተተካ። የእኛም የካፒታል ገበያ አዋጅ፣ ቁጥር 1248/2013 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ አባሎቻቸውን የሚቆጣጠሩ ተቋማት እንዲኖሩ በር ከፍቷል። ስለዚህ ከእነሱ የሚመጣውን ሪፖርት አንብበሽ ፋይል ውስጥ አትክተቺው፤ ሄደሽ መዝገባቸውን አስከፍቺ፣ ከአባሎቻቸው አንዱን መርጠሽ ራስሽ አጣሪ። የሰጠነውን መልሰን መውሰድ የምንችልበት አንቀጽ በስምምነቱ መኖሩንም ተመልከቺ።

5. የተወከልሽበትን ለሌላ አትወክዪ፣ ደብዳቤሽ ካልፈቀደ በቀር። ዓመት ፈቃድ ስትወጪም ቢሆን ሥራውን ለባልደረባሽ በቃል አታስረክቢ፤ ኃላፊው ራሱ በስሟ ደብዳቤ ይጻፍላት። ሹመት ሲለወጥ ደግሞ የፈረመልሽ ሰው ቦታውን ለቋልና፣ የያዝሽው ውክልና ይጸናል ወይስ ይታደሳል ብለሽ የሕግ ክፍሉን ሳትጠይቂ ቀጣዩን ደብዳቤ አታውጪ።