ሳሉ ቆመ ማለት በሽታው ወጣ ማለት አይደለም



ፊደል የቆጠርነው የራሳችንን ጉዳይ በራሳችን ዓይን ለማንበብ ነው። ዛሬ የምናነበው ስለ ሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ነው።

በቅርቡ ከትምህርት በኋላ አንድ አባት ወደ ኋላ ቀሩ። የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው የተቋጠረ ኪኒን አሳዩኝ። «ልጄ፣ ሁለት ወር ሙሉ ዋጥኩ። ሳሉ ቆመ፤ እህልም ተስማማኝ። አሁን አጨዳ ደርሷል፤ ጤና ጣቢያውም ሩቅ ነው። ለዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል ብዬ ከተውኩት ሳምንት ሆነኝ» አሉ።

«አባባ፣ ሳሉ ቆመ እንጂ በሽታው አልወጣም» አልኳቸው። ለምን? አብረን እንይ።

በሽታው ከምን ይመጣል?

የሳንባ ነቀርሳ ከእርግማን ወይም ከብርድ አይመጣም። የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ጀርም ነው። ይህን ጀርም ሮበርት ኮህ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 አገኘው። በሽተኛው ሲያስል ጀርሙ በአየር ይወጣል። በአንድ ቤት የሚያድር ሰውም ይተነፍሰዋል።

ለምን ስድስት ወር?

ሰርዶን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንድ ጊዜ ሲታረስ ላዩ ይደርቃል፤ ማሳው የጠዳ ይመስላል። ሥሩ ግን አፈር ውስጥ አለ። ዝናብ ሲያገኝ መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ገበሬ ደጋግሞ ያርሳል፤ ሥሩንም ይለቅማል።

የሳንባ ነቀርሳ ጀርምም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙው ይሞታል። ሳሉም ትኩሳቱም ይቀንሳል። ጥቂቱ ጀርም ግን አድፍጦ ይተኛል። የተኛ ጀርም ቶሎ አይሞትም። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ይነሳል፤ በሽታውም ይመለሳል።

ለምን ብዙ ዓይነት መድኃኒት?

ማሽላ ሲያሽት ዝንጀሮ ይመጣል። ጠባቂው አንድ ከሆነ ዝንጀሮው በሌላ በኩል ይገባል። በአራቱም ማዕዘን ጠባቂ ከቆመ ግን መግቢያ ያጣል።

በበሽተኛው ሳንባ ውስጥ ብዙ ሚሊዮን ጀርም ይኖራል። ከመካከሉ አንዱን መድኃኒት የሚቋቋሙ ጥቂቶች አይጠፉም። አንድ መድኃኒት ብቻ ቢሰጥ ሌሎቹ ይሞታሉ፤ እነዚያ ጥቂቶች ተርፈው ይራባሉ። ሌላ መድኃኒት አብሮ ካለ ግን ከመጀመሪያው ያመለጠውን ይገድለዋል።

ይህ በሥራ የታየ ነው። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በፈረንጆች 1943 ተገኘ። እንግሊዞች ሞክረውት ውጤቱን በ1948 አሳወቁ። ብዙ በሽተኞች መጀመሪያ ተሻላቸው፤ ቆይቶ ግን ጀርሙ መድኃኒቱን ለመደው። ሁለተኛ መድኃኒት ሲጨመርበት መልመዱ በጣም ቀነሰ።

እንዴት ይወሰዳል?

መድኃኒት ያልለመደ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው አዋቂ ሰው በተለመደው ሕክምና እንዲህ ይወስዳል፦

በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒት፤ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል።

በቀጣዮቹ 4 ወራት ሁለት መድኃኒት፤ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ።

ብዙ ጊዜ በአንድ ኪኒን ውስጥ ተቀላቅለው ይመጣሉ። የኪኒኑ ቁጥር በሰውየው ክብደት ይወሰናል። እጅና እግር እንዳይደነዝዝ ቫይታሚን ቢ 6 ሊጨመር ይችላል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል።

እንጠንቀቅ

1. ሽንት ቢቀላ አትደንግጡ። የሪፋምፒሲን ቀለም ነው እንጂ ደም አይደለም።
2. ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ትውከት ከበዛ ወይም ማየት ካስቸገረ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።
3. አረቄና ጠላ ይቅር። ከመድኃኒቱ ጋር ጉበት ይጎዳል።
4. ኪኒን ለሌላ ሰው አታካፍሉ።
5. ያቋረጠ ሰው በራሱ አይጀምር፤ መጀመሪያ ይመርመር።
6. ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው አክታውን ያስመርምር።

እያቋረጡ መዋጥ ከሁሉ የከፋ ነው። መድኃኒት የለመደ ጀርም ሕክምናው የከበደ ነው። ያው ጀርም ወደ ሚስትና ወደ ልጅ ይተላለፋል። ያን ጊዜ እነሱም ገና ሲጀምሩ የተለመደው መድኃኒት አይሠራላቸውም።

እኚያ አባት ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ቤታቸው ትንሽ የልጅ ልጅ አለች፤ የምታድረው ከሳቸው ጋር ነው። በማግስቱ ጤና ጣቢያ አብረን ሄድን። አክታቸው እንደገና ተመረመረ፤ መድኃኒቱንም ጀመሩ። ጎረቤቶቻቸው ጤፋቸውን በደቦ አጨዱላቸው። ልጅቷም ተመረመረች።

በየመንደራችን እንዲህ እናድርግ። መድኃኒት የጀመረ ጎረቤት ካለን በአጨዳና በእርሻ ጊዜ እናግዘው። «ዛሬ ዋጥክ ወይ?» ብለን እንጠይቀው።

ጥያቄዎች

1. ሳሉ ከቆመ በኋላ መድኃኒት የሚወሰደው ለምንድን ነው?
2. አንድ መድኃኒት ብቻ ለምን አይበቃም?
3. በመንደራችሁ መድኃኒት የጀመረ ሰው ቢኖር በምን ትረዱታላችሁ?

የጀመርነውን መድኃኒት እንጨርስ!