የቤት እንስሳትዎን ለድንገተኛ አደጋ ያዘጋጁ

ሰደድ እሳት፣ ጎርፍ ወይም አውሎ ነፋስ ሲመጣ ቤትዎን ለቀው እንዲወጡ ሊታዘዙ ይችላሉ። አንዳንድ ጊዜ ለመውጣት ያለዎት ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። ውሻ ወይም ድመት ካለዎት፣ ይዘውት የት እንደሚሄዱ ዛሬ ይወስኑ።

ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ሲመታ ብዙ ሰዎች እንስሶቻቸውን ጥለው አንሄድም ብለው ቀርተዋል። በ2006 የወጣው የፌዴራል ሕግ የስቴቶችና የአካባቢ መስተዳድሮች የአደጋ ዕቅድ የቤት እንስሳትን እንዲያካትት ያደረገው ከዚህ በኋላ ነው። ሆኖም ሁሉም መጠለያ እንስሳ ይቀበላል ማለት አይደለም። ለአካል ጉዳተኛ ሥራ እንዲሠሩ የሠለጠኑ ውሾች ግን ከባለቤታቸው ጋር ይገባሉ።

የት ይሄዳሉ?

አብዛኞቻችን «ዘመድ ቤት እናድራለን» እንላለን። ጥሩ ዕቅድ ነው፤ ግን ውሻ ቤት ውስጥ የማያስገቡ ቤተሰቦች በመካከላችን ብዙ ናቸው። አንዳንዱ በአለርጂ፣ አንዳንዱ በእምነት፣ አንዳንዱም ስላልለመደ ነው። በእኩለ ሌሊት በር ላይ ቆሞ መጠየቅ ሁለቱንም ወገን በይሉኝታ ያስጨንቃል። ስለዚህ አሁን ስልክ ደውለው «ውሻውንም ትቀበሉናላችሁ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። እንስሳ የሚቀበል ሆቴልም ከሰፈርዎ ራቅ ብሎ ይፈልጉ።

እንስሳውን የሚይዘው አዋቂ ማን እንደሆነም ይወስኑ። ይህ ካልታወቀ ልጅ ውሻውን ፍለጋ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል።

ምን ያዘጋጃሉ?

ቢያንስ ለጥቂት ቀናት፣ ከተቻለ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ የእንስሳ ምግብና ውኃ፣ መድኃኒት፣ ገመድ፣ ለድመት ደግሞ መያዣ ሣጥንና አሸዋ። ድመት የማታውቀው ሣጥን ውስጥ በግድ አትገባም፤ ሣጥኑን ከፍተው ቤት ውስጥ በማስቀመጥ ያለማምዷት። ከእንስሳው ጋር የተነሡትን ፎቶግራፍና የክትባት ወረቀቱን ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ።

የራሱን ምግብ ይያዙ የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳሉ፤ የተረፈ ወጥ አይስጡ። የሰው ማስታገሻም አይስጡ። ታይሌኖል ድመትን ሊገድል ይችላል።

ማይክሮቺፕ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነገር ሲሆን በእንስሳት ሐኪም ከቆዳ ሥር ይገባል። ያለበትን ቦታ አያሳይም፤ እንስሳው ሲገኝ የሚነበብ ቁጥር ብቻ ነው። ስልክ ወይም አድራሻ ሲቀይሩ ምዝገባውን ካላስተካከሉ ቁጥሩ እርስዎ ጋ አያደርስም።

የእብድ ውሻ በሽታ

አገር ቤት ይህን በሽታ የምናውቀው በውሻ ንክሻ ነው፤ ነርስ ሆኖ የሠራ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። አሜሪካ ውስጥ ግን በብዛት የሚገኘው በሌሊት ወፍ፣ በራኩን፣ በስከንክና በቀበሮ ነው። በአደጋ ጊዜ የዱርም የቤትም እንስሳ ከቦታው ስለሚፈናቀል ንክሻ ሊያጋጥም ይችላል። ውሻዎንና ድመትዎን ያስከትቡ።

እርስዎ ከተነከሱ ወይም ከተቧጨሩ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ያማክሩ። ጠበል ቢሄዱም፣ የአገር መድኃኒት ቢወስዱም ክትባቱን አያዘግዩ። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። የሌሊት ወፍ ንክሻ በጣም ትንሽ ስለሆነ ላይታይ ይችላል። ተኝተው ሳለ ክፍልዎ ውስጥ የሌሊት ወፍ ከተገኘ ቁስል ባያዩም ይደውሉ።

ይዘውት መውጣት ካልቻሉ

እንስሳውን ግቢ ውስጥ አስረው አይሂዱ፤ የታሰረ ውሻ ከጎርፍም ከእሳትም ማምለጥ አይችልም። ውኃና ምግብ ሰጥተው ቤት ውስጥ ይተዉት፤ ምን ዓይነት እንስሳ እንዳለና ስልክ ቁጥርዎን ጽፈው በሩ ላይ ይለጥፉ። ከወጡ በኋላ ለነፍስ አድን ሠራተኞች ይንገሩ። ሲደውሉ «አምሃሪክ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ።